ለሹሩቅ የተላከ የመውሊድ ሣጥን

መስከረም 3፣ ማክሰኞ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ብዕር የማነሣው የጋዜጣ ስሕተት ለማረም ብቻ ነበር። ዛሬ ግን ለማንም የማልናገረው ነገር ገጥሞኛል። ነገርን በሆድ ይዞ ከማደር በወረቀት ላይ አሳርፎ መተኛት ይሻላል ብዬ ተቀመጥሁ።

አንዲቷ ልጄ ሹሩቅ ነፍሰ ጡር ናት፤ ስድስተኛ ወሯን ልትጨርስ ነው። ለእርሷ የበኩር ልጅ፣ ለእኔም የመጀመሪያው የልጅ ልጅ ነው። ዛሬ ከሐኪም ቤት በቀጥታ ወደ እኔ መጣች። ደረጃውን ስትወጣ እየቆመች መተንፈሷን ከውስጥ ሆኜ ሰማሁ። ሳትቀመጥ፣ «አባዬ፣ ስኳር አለብሽ አሉኝ» አለች።

«ምን ዓይነት ስኳር?»

«የእርግዝና ነው። ምግቤን ካስተካከልኩ እስከ መውሊድ ድረስ ሊወርድ ይችላል ብላለች ዶክተሯ። ካልወረደ መርፌ ልጀምር ነው። ዝም ከተባለ ደግሞ ልጁ ከመጠን በላይ ይተልቅና ምጡ ይከብዳል፤ ሲወለድም የእሱ ስኳር በድንገት ዝቅ ሊልበት ይችላል።»

ከዚያም አለቀሰች። በሽታው ያስለቀሳት መስሎኝ ላጽናናት ስጀምር፣ «እሱ አይደለም» አለች አፍንጫዋን እየጠረገች። «መንገዱ ላይ የመውሊድ ድንኳን መትከል ጀምረዋል። የሰሊጡ ጣፋጭ ሸተተኝ። አምሮኛል፣ አባዬ።»

ከእነሹሩቅ በታች ባለው ፎቅ ለሚኖሩት አማቷ ለሐጃ ነዓማት እንዳትነግር መከርኋት። ይህን ያልሁት ለእርሷ ብዬ ነው። ለጋብቻ ሽማግሌ ሆነን በተቀመጥንበት ቀን፣ «በቤታችሁ የሚወረስ በሽታ አለ ወይ?» ብለው የጠየቁ ሴት ናቸው። እኔም «በእኛ ቤት በሽታ የሚባል አይታወቅም» ብዬ መልሻለሁ። እውነቴን ነው። እናቴ በስተርጅና ሌሊቱን ሙሉ ውሃ ስትጠጣ ታድር የነበረው፣ ሁለት የእግር ጣቶቿም የተቆረጡት በዕድሜ ድካም ነው።

መስከረም 5፣ ሐሙስ

ሐኪሟን በአካል ለማነጋገር ሄድሁ። በሩ ላይ «ዶክተር ሲሃም» የሚል ተጽፏል። ስገባ ብድግ አለች። ርእሰ መምህር በነበርሁበት የልጃገረዶች ትምህርት ቤት በሦስተኛው ረድፍ ትቀመጥ የነበረችው ሲሃም ናት።

«ተቀመጪ» አልኋት።

«ወንበሩ የእኔ ነው ኡስታዝ ረጋኢ፤ እርስዎ ይቀመጡ» አለች።

ተቀመጥሁ። ልጄ ከስኳር የተሻለ ነገር ልትበላ እንደምትችል፣ ማር ፈውስ መሆኑ የተመሰከረለት እንደ ሆነ፣ ተምርም የወላዶች ምግብ መሆኑን በሥርዐቱ አስረዳሁ። ሳታቋርጥ ሰማችኝና እንዲህ አለች፦ «ማር ለብዙ ነገር ይጠቅማል። ለእሷ ደም ግን ማርም ስኳር ነው፤ ተምርም ስኳር ነው፤ ባስቡሳ ኬክም ስኳር ነው። በሉ ይድገሙልኝ።»

«ምኑን?»

«ያልኩትን። እርስዎስ ሳንደግም ለቀውን ያውቃሉ?»

ደገምሁ። ቃል አልሳትሁም።

«እንግዲህ እስክትወልድ ጣፋጭ አትቅመስ ማለትሽ ነው?» አልኋት።

«አላልኩም። ትቅመስ። በባዶ ሆድ ብቻ አይሁን፤ ጠዋትም አይሁን። ምሳዋን በደንብ ትብላ፦ ዓሣ፣ ዕንቁላል፣ ባቄላ፣ ሰላጣ። ከዚያ የክብሪት ሣጥን ግማሽ የምታህል ቁራጭ ትቅመስ። ቁጭ ብላ አትቅር፤ ወጣ ብላ ትራመድ። ከምግቡ አንድ ሰዓት በኋላ ትለካ። ቁጥሩ ከመቶ አርባ ካለፈ ያ ቁራጭ ለእሷ በዝቷል ማለት ነው፤ እንቀንሳለን። በየቀኑም አይሆንም። ደግሞ ጣፋጭ ልበላ ብላ ምሳዋን እንዳትዘል። ምሳዋን የምትዘለዋ ናት የምታስቸግረኝ።»

«ብንከለክላትስ ምን አለበት?»

«ተደብቃ ትበላባችኋለች።»

ልጄ ተደብቃ እንደማትበላ ነግሬያት ወጣሁ። ደረጃው ላይ ስወርድ ጉሮሮዬ ደረቀ። ውሃ ገዝቼ ጠጣሁ፤ ሁለተኛም ጠጣሁ። ሙቀቱ ከፍቷል።

መስከረም 7፣ ቅዳሜ

ለሹሩቅ የስኳር መለኪያ ገዛሁ። ያልተፈተነ ዕቃ ለልጅ አይሰጥምና በመጀመሪያ የራሴን ጣት ወግቼ ሞከርሁት። ሁለት መቶ ዘጠና አንድ አለ። የተበላሸ ነው።

መልሼ አስለወጥሁት። ሁለተኛው ሁለት መቶ ሰባ ስምንት አለ። እርሱም ተበላሽቷል።

ሹሩቅ በዚያው መለኪያ ጣቷን ወጋች፤ መቶ አሥራ ሁለት። ለእርሷ በትክክል መሥራቱ ያስገርማል። ቁጥሬን ስነግራት እናቷ ታየኝ በነበረው አስተያየት አየችኝ።

መስከረም 11፣ ረቡዕ

በችኰላ። ከሰዓት በኋላ ሹሩቅን ይዤ በባቡሩ ሐዲድ አጠገብ ተራመድን። ቁጥሩ ትናንት ማታ መቶ ስድሳ ስምንት ነበር። ምክንያቱን ጠየቅሁ። ሐጃ ነዓማት በየማታው ባስቡሳ ይዘው ይወጣሉ። «ለሁለት ነው የምትበዪው የኔ ልጅ፤ ብዪ። ያማረሽን ካልበላሽ ልጁ ላይ ምልክት ይወጣበታል» ይላሉ። ቆመው ያያሉ። ሳህኑ ባዶ ሳይሆን አይወርዱም።

«እንንገራቸው፣ አባዬ።»

«ጥርሴን አመመኝ በያቸው» አልሁ።

ባሏ ሙዕታዝ ምስጢሩን ያውቃል። እናቱን ግን ከሁላችንም አብልጦ ይፈራል።

መስከረም 14፣ ቅዳሜ

ሐጃ ነዓማት የጥርሱን ሕመም ሰምተው እጅግ አዘኑ። ማኘክ የማያስፈልገው ይሻላል ብለው የወተት ገንፎ በስኳር፣ የሩዝ ገንፎ በስኳር፣ ትናንት ደግሞ በሽሮፕ የራሰ ለስላሳ ኬክ አመጡ። መቶ ሰባ አራት።

ሙዕታዝ ደውሎልኝ ነበር። «ኡስታዝ፣ እባክዎ ሌላ በሽታ ይፈልጉልን፤ ይሄኛው አልሠራም» አለኝ። ቀልዱን አልወደድሁለትም። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ጥቂት ሣቅሁ።

መስከረም 18፣ ረቡዕ

የሣጥኑ ጉዳይ መጣ።

ልጁን የዳረ አባት ለመውሊድ የጣፋጭ ሣጥን ወደ አማቾቹ ቤት ይልካል። እኛ የታንታ ሰዎች ደግሞ ጣፋጩን ለመላው ግብጽ የምናበላ ነን፤ ከእኛ ከተማ የቀለለ ሣጥን መላክ ከውርደት ይቆጠራል። ሐጃ ነዓማት ለጎረቤታቸው ሲያወሩ ሹሩቅ ሰምታለች፦ «የእህቴ ምራት አባት አምና ሦስት ደርብ ሣጥን ላከ። የእኛ ኡስታዝ ግን የተማሩ ናቸው፤ የተማረ ሰው ምን እንደሚልክ እናያለን።»

የተማረ ሰው ምን እንደሚልክ ያዩ ዘንድ ወደ ሐጅ ዘኪ መደብር ሄድሁ። ሠላሳ ዓመት ከእርሱ ገዝቻለሁ።

«ስኳር የሌለበት ምን አለህ?» አልሁት።

ሚዛኑን አስቀምጦ አፈጠጠብኝ። «ለመውሊድ? የተቆላ ሽንብራ አለኝ። ሣጥን ሙሉ ሽንብራ ለአማቾችዎ ልላክልዎ? ከነገ ጀምሮ ሰላምታ የሚሰጥዎ ሰው ካገኙ ይንገሩኝ።»

በመደብሩ የነበሩት ሁሉ ሣቁ። እኔም ቀና ብዬ ቆምሁና አዘዝሁ፦ ሰሊጡ፣ ኦቾሎኒው፣ ሽንብራው፣ ለውዙ፣ ሁሉም በፈላ ስኳር የተያያዘው፤ ባለ ጽጌረዳው ልስልስ ጣፋጭ፤ ከላይም ቀሚሷ በወረቀት ማራገቢያ ያጌጠ የስኳር ሙሽራ አሻንጉሊት። አራት ደርብ።

ሹሩቅ ሣጥኑን መንካት የለባትም፤ ትልቅ ሰው ናት፤ ሣጥኑ ለቤቱ ነው እንጂ ለእርሷ አይደለም። ይህን በሚገባ አስቤበታለሁ።

መስከረም 24፣ ማክሰኞ

ሣጥኑ ሄደ። ሁለት ሰዎች ተሸክመውት በመንገዱ መካከል አለፉ። ሴቶች በሰገነት ወጥተው አዩት። ከጀርባው ቀስ ብዬ ተከተልሁ፤ አጋጣሚ ወደዚያው የምሄድበት ጉዳይ ነበረኝ።

ማታ

ሹሩቅ ደወለች። «አባዬ፣ ምን ማድረግዎ ነው?» አለችኝ። ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም፤ ቁጣ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር። ሐጃ ነዓማት የመጀመሪያውን ደርብ ለእርሷ ብቻ ብለው አልጋዋ አጠገብ አስቀምጠውላታል፤ «ከአባትሽ ቤት የመጣ ነው፤ ካልበላሽ እሳቸውን መስደብ ነው» ብለዋታል። እርሷም በላች። መቶ ዘጠና ሁለት።

«ሁለት ብቻ ነው የበላሁት» አለች። ስልኩን ልዘጋ ስል፣ «አምስት» አለች።

ዶክተሯ መውሊዱ እንዳለፈ ቁጥሮቹን ልታይ ቀጥራታለች።

ነፍሷን ይማርና ባለቤቴ ኢሕሳን ብትኖር የምትለውን ዐውቃለሁ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ከአቅማችን በላይ ስደግስ፣ «ረጋኢ፣ ኩራትህን በትሪ አታቅርብ፤ የሚበላው ሰው ሆዱን ይታመማል» ትለኝ ነበር። ያን ጊዜ እንደ ቀልድ እቆጥረው ነበር። ዛሬ እንቅልፍ እንቢ አለኝ፤ ለውሃ ብዬ ደጋግሜ ተነሣሁ።

መስከረም 28፣ ቅዳሜ፣ መውሊድ

ይህን ሁሉ በደንብ መጻፍ ይገባኛል።

ከቀትር ሶላት በኋላ በሐጃ ነዓማት ቤት ተሰበሰብን። ሙዕታዝ፣ ሹሩቅ፣ እኔ፣ እንዲሁም ሁለት የጎረቤት ሴቶች ነበርን። ምሳው ገና አልቀረበም። ከሣጥኔ የቀሩት ደርቦች በጠረጴዛው መካከል ተደርድረው፣ የስኳር ሙሽራዋ ከላይ ሆና ሁላችንንም ቁልቁል ታያለች። ሐጃ ነዓማት ስለ ሣጥኑ የተናገሩልኝ ምስጋና ሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ ለዓመት ይበቃኝ ነበር።

ከዚያ የሰሊጡን ጣፋጭ አንሥተው ሰበሩ። የመዳፍ ስፋት ያለው ነው። ወደ ሹሩቅ አፍ አስጠጉት።

«በይ ጉረሺ። በመውሊድ ቀን የእርጉዝ አምሮት አይታለፍም። ልጁ ጀርባ ላይ ሰሊጥ ይዞ ቢወጣ በእኔ ነው የሚስቁት።»

ሹሩቅ እርሳቸውን አላየችም፤ እኔን አየችኝ። አፏን ለመክፈት ስትዘጋጅ አየሁ፤ ለእኔ ብላ።

ብድግ አልሁ። «ሐጃ፣ ይተዉአት» አልሁ። «ስኳር አለባት። ሐኪም ነግሯታል። ከወሩ መጀመሪያ ጀምሮ።»

ሙዕታዝ የጫማውን ማሰሪያ ሲያስር ቆየ፤ ጫማው ማሰሪያ አልነበረውም።

ሐጃ ነዓማት ቁራሹን በእጃቸው እንደ ያዙ፣ «ከየት መጣባት?» አሉ።

ሐኪሞች ምክንያቱ ብዙ ነው ይላሉ። ሲሃምም እርግዝናው ራሱ እንደሚያመጣው ነግራኛለች። ይህን ሁሉ ለማስረዳት አፌን ከፈትሁ። የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ከእኔ» አልሁ። «ከእናቴም። የእናቴን ጣቶች ያስቆረጠው እርሱ ነው፤ በእኔም ውስጥ አለ። መለኪያውን አስለውጬም ያው ነው።»

ሐጃ ነዓማት ተቀመጡ። ፊታቸው ቀላ። «ስለ ዘሩ አይደለም የምናገረው» አሉ ቀስ ብለው። «የእኔ ዘር ደግሞ ደም ግፊት ነው፤ ማን ከማን ያንሳል። ግን በየማታው ደረጃ የምወጣው እኔ ነኝ፣ ኡስታዝ። በዚህ ጉልበቴ። በገዛ እጄ አጎርሳታለሁ፣ ቆሜ አያለሁ፣ ደስ ብሎኝ ወርጄ እተኛለሁ። መርዝ አጉራሽ አደረጋችሁኝ። አንድ ቃል ብትነግሩኝ ምን ነበረበት? ሰው አይደለሁም?»

በአርባ ዓመት የማስተማር ዘመኔ እንዲህ ያለ ትክክለኛ ጥያቄ የጠየቀኝ የለም።

ሹሩቅ እጃቸውን ይዛ ሳመች፤ ማልቀስ ጀመረች። ሐጃ ነዓማትም፣ «በይ ተዪ፣ ልጁ ይሰማል» ብለው ወደ ማድ ቤት ገቡ። የተቀየሙ መሰለኝ። ሲመለሱ ግን የተጠበሰ ዓሣና ሰላጣ ይዘው ነበር። አንዱን ሳህን ለሹሩቅ፣ አንዱን ለእኔ አኖሩ።

«እርስዎም ቀድመው ምግብ ይብሉ» አሉኝ። «ከመጡ ጀምሮ የጨረሱትን ውሃ አይቻለሁ። የእኔ ማሰሮ ደረቀ።»

ከምሳ በኋላ በቢላዋ ከሰሊጡ የክብሪት ሣጥን ግማሽ የምታህል ቈረጡ። እንደገና አዩና ከእርሷም ጠርዟን ገመጡላት፤ ለሹሩቅ ሰጡ። ሹሩቅ ዓይኗን ጨፍና አኘከች። ሰው ጣፋጭ በልቶ እንዲህ ሲደሰት አላየሁም። ከዚያ ሁላችንም ጎረቤቶቹ ሳይቀሩ እስከ ባቡር ጣቢያው በእግር ሄድን። ስንመለስ ለካች።

መቶ ሠላሳ አንድ።

ሐጃ ነዓማት እልል አሉ። ጎረቤቶቹ ምክንያቱ ሳይገባቸው ተቀበሉ።

ጥቅምት 2፣ ረቡዕ

ሐጃ ነዓማት ሁለት ቃል ብቻ ነው የሚያውቁት፦ «ብዪ» እና «ተዪ»። መካከለኛ የለም። ጣፋጩን ሁሉ በቁም ሣጥን ቈልፈው ቁልፉን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለዋል። ዳቦ ከለከሉ። ብርቱካን ከለከሉ። ትናንት ሹሩቅን ራት ያለ ምንም አስተኟት፤ ሌሊት እጇ እየተንቀጠቀጠ ተነሣች።

ስለዚህ እኔ፣ ረጋኢ፣ ደረጃ ወጥቼ ለጣፋጭ ጥብቅና ቆምሁ። የሲሃምን ቃል አንድም ሳላጎድል ደገምሁ፦ ምግብ አትዝለል፤ በጥጋብ ላይ ጥቂት፤ ከዚያ እንቅስቃሴ። ሐጃ ነዓማት አላመኑም። ሲሃም በስልክ እስክትነግራቸው ድረስ ቁልፉን አልለቀቁም። በመጨረሻ ተስማማን፦ በሳምንት ሁለት ጊዜ ቁራጭ ይፈቀዳል፤ ቢላዋው በእርሳቸው እጅ፣ ልኬቱ በእኔ ዓይን።

«የክብሪቱን ሣጥን ያሳዩኝ» ይላሉ።

አሳያቸዋለሁ። በኪሴ ይዤ እዞራለሁ።

ጥቅምት 10፣ ሐሙስ

የከተማችን ወሊይ የሰይድ በደዊ ክብረ በዓል። ከተማው በሰው ተጨናንቋል፤ ከየመንደሩ የመጣው ሁሉ ሽንብራና ጣፋጭ ይሸምታል። ሹሩቅን ሐጃ ነዓማት በቀኝ፣ እኔ በግራ ሆነን ወደ ሐኪም ቤት ወሰድናት። ሁለታችንም በየፊናችን ሕዝቡን ስንገፋ መንገድ ተከፈተልን።

ቁጥሮቹ ጥሩ ናቸው። ለጊዜው መርፌ የለም። የልጁም መጠን ልክ ነው።

ሹሩቅ ስትወጣ እኔም ልነሣ ስል፣ «እርስዎ ይቆዩ፣ ኡስታዝ። ክንድዎን ያምጡ» አለች ሲሃም።

«እኔ አላረገዝሁም።»

«እሱን እኔ ልወስን» አለች፤ ደም ቀዳች። ውጤቱን አይታ ወደ ስኳር ሐኪም ላከችኝ። ኪኒን ታዘዘልኝ። ለጥንቃቄ ያህል ነው።

ከዛሬ ጀምሮ ሲሃምን «እርስዎ» እላቸዋለሁ። ሐኪም ናቸው።

ኅዳር 6፣ ማክሰኞ

የጠዋቱ ቁጥር ከሳምንት ወዲህ እየወጣ ነው። ምግቡ አልተለወጠም፤ ቁራጩም አልበዛም። ዶክተር ሲሃም፣ «ወሩ ሲገፋ እርግዝናው ራሱ ያደርገዋል» ብለው በየማታው ትንሽ መርፌ አዘዙ።

ሹሩቅ ወደ ቤቴ መጥታ ወንበሬ ላይ ተቀመጠች። «ወደቅሁ፣ አባዬ» አለች። «ሁሉንም አደረግኩ፤ ግን ወደቅሁ።»

በሕይወቴ ለወደቀ ተማሪ ያልሁትን ሁሉ አስታወስሁ። አንዱም የሚጠቅም አልነበረም። ስለዚህ ተነሥቼ የኪኒኔን ዕቃ አመጣሁና ፊቷ አኖርሁት።

«ይህን ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ እወስዳለሁ» አልኋት። «እኔ መውደቅ አላውቅም። ስለዚህ አንቺም አልወደቅሽም።»

ትክክለኛ ማስረጃ አልነበረም። ሣቀች ግን። ከዚያም መርፌውን ሆዷ ላይ እንዴት እንደምትወጋ አሳየችኝ፤ እኔ ፊቴን አዞርሁ፤ «አባዬ፣ አለቀ» አለችኝ። ምሳ በልተን የክብሪቱን ሣጥን አወጣሁ። ለሁለት ተካፈልናት። የእኔ ድርሻ የሦስት ፍሬ ሰሊጥ ያህል ነበረች። ጣፋጭ መቅመስ ምን እንደ ሆነ ረስቼው ኖሯል፤ ያለ ቅጥ ስበላ በኖርሁበት ዘመን ሁሉ እንዲያ አልጣፈጠኝም።

ታኅሣሥ 3፣ ሰኞ

ወለደች። ሴት ናት። ጎሕ ሲቀድ።

በደኅና። ክብደቷ የልክ። የእርሷን ስኳር ተረከዟን ወግተው እየለኩ አዩት፤ አልወረደም። ሹሩቅ ደክማለች፤ ስኳሯ ወርዷል፤ ሻይ በወተት ጠየቀች።

ሙዕታዝ ግድግዳ ተደግፎ ያለቅሳል። እኔ አላለቀስሁም። በመተላለፊያው አቧራ ነበር።

ታኅሣሥ 4፣ ማክሰኞ

ስሟ ተስኒም ተባለ። ሐጃ ነዓማት «ስኳሬ» ይሏታል። ስሙ አግባብ እንዳልሆነ ነገርኋቸው፤ «የእርስዎ የሽንት ስኳር አይደለችም፤ የእኔ ስኳር ናት» ብለው መለሱልኝ። ይህን በሐኪም ቤት ውስጥ፣ ነርሶች እየሰሙ።

ልብሷን ሲቀይሩላት በትከሻዋ ላይ አንዲት ቡናማ ነጥብ ታየች። ሐጃ ነዓማት መነጽራቸውን አድርገው አጎነበሱ።

«ሰሊጥ!» አሉ። «አንድ ፍሬ ሰሊጥ። የከለከልናት ናት።»

እንዲህ ያለ ነጥብ በብዙ ሕፃናት ላይ የሚወጣ እንደ ሆነ በዝርዝር አስረዳሁ። ከዚያ መነጽራቸውን ተውሼ ተመለከትሁ። ቅርጿ ሞላላ፣ ከአንድ ወገን ሹል።

ይህን ለማንም አልናገርም።

ታኅሣሥ 9፣ እሑድ

የተስኒም ሰባተኛ ቀን። ቤቱ በሴቶችና በሕፃናት ተሞላ። እንደ ልማዳችን ሕፃኗን በወንፊት አስተኝተው ነቀነቋት፤ የብረት ሙቀጫ በጆሮዋ አጠገብ ደወሉ፤ ሐጃ ነዓማትም እናትሽን ስሚ፣ አባትሽን ስሚ እያሉ፣ በመጨረሻም «አያትሽን ኡስታዝን ስሚ፤ ብትሰሚም ባትሰሚም ያው መናገሩን አይተውም» አሉ። ሣቅ ሆነ። እኔም ሣቅሁ።

ለወላዷና ለእንግዶች የሚቀርበው ትኩስ መጠጥ ሙጋት በሁለት ድስት ተፈልቶ ነበር። ሐጃ ነዓማት ከአንደኛው ቀድተው ለሹሩቅና ለእኔ ሰጡ፤ ስኳር የለበትም፤ ቅቤና ለውዙ ብቻ። «ዶክተሯ ስኳሩ ከወሊድ በኋላም ይታይ ብላለች» አሉ። «እስከዚያ ሁለታችሁ ከእኔ ዓይን አትርቁ።»

ወደ ቤቴ ስመለስ በደጄ ሰው ተሰብስቦ አገኘሁ። ሁለት ሰዎች ሣጥን ተሸክመው ቆመዋል። አራት ደርብ ነው፤ በወረቀት ማራገቢያ አጊጧል። በመንገዱ መካከል ሲያመጡት ሴቶች በሰገነት ወጥተው አይተውታል። የወንዱ እናት ለሴቷ አባት ሣጥን ላከች ሲባል በታንታ ተሰምቶ አያውቅም። ጎረቤቴ፣ «ኡስታዝ፣ አገቡ እንዴ?» አለኝ።

ወደ ውስጥ አስገብቼ ከፈትሁት። የመጀመሪያው ደርብ የተቆላ ሽንብራ ነው። ሁለተኛው የተቆላ ሽንብራ ነው። ሦስተኛውም ሽንብራ ነው። በአራተኛው ደርብ መካከል፣ በንጹሕ ወረቀት የተጠቀለለች፣ የክብሪት ሣጥን ግማሽ የምታህል አንዲት ቁራጭ ሰሊጥ አለች።

ራት በላሁ። ከዚያ ሰሊጧን በላሁ። ካፖርቴን ለብሼ እስከ ሐዲዱ ሄጄ ተመለስሁ፤ ሰዎች ሰላምታ ሰጡኝ። ጣቴን ወጋሁ።

መቶ ሠላሳ አራት። መለኪያው በመጨረሻ ተስተካክሏል። አልመልሰውም።